ለሰው ፎቶግራፍ የሚሆን የመጀመሪያ ፍላሽ ስለ መምረጥ

(በተማሪዎች ማኅበር የፎቶግራፍ ክፍል ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ይህ ንግግር ስለ ገንዘብ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከመካከላችን ካሜራ በግዢም ሆነ በውሰት ያገኘ ሁሉ ቀጥሎ የሚመኘው ፍላሽ ነው፤ በኪሱ ያለው ግን ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ነው። እኔም እንደዚሁ ስለ ነበርሁ በመጀመሪያ ስሕተቴን ልናዘዝ።

አያቴ ከገጠር መጥተው ሳለ አዲሱን ፍላሽ ከካሜራው ራስ ላይ ሰክቼ ፊት ለፊት አበራሁባቸው። ነጠላቸው እንደ ወረቀት ነጥቶ ጥለቱ ጠፋ፤ ግንባራቸው አብረቀረቀ፤ ከኋላቸው ባለው ግድግዳ ላይ ጥቁር ጥላ ተለጠፈ። አይተውት «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን። በዓመቱ ዐረፉ። በቤታችን የቀረው ፎቶግራፋቸው ያው ነው።

ጥፋቱ የፍላሹ አልነበረም። ብርሃን ከትንሽ ነገር ሲመጣ ጥላው ስለት ይኖረዋል፤ ከሰፊ ነገር ሲመጣ ይለሰልሳል። የጠራራ ፀሐይንና የደመናን ቀን ማስተያየት ይበቃል። ስለዚህ ጀማሪ የሚያስፈልገው ኃይለኛ ፍላሽ ሳይሆን፥ ፍላሹን ከካሜራው የሚለይበትና ብርሃኑን የሚያሰፋበት ዘዴ ነው።

በእኔ አስተያየት በአራት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፥ ኃይሉ በእጅ የሚስተካከል ተራ ፍላሽ ይበቃል። ለምሳሌ ጎዶክስ ቲቲ 600 የሬዲዮ መቀበያው በውስጡ ስለሆነ፥ በካሜራው ላይ የሚሰካ ትንሽ ማዘዣ ብቻ ይጨመርለታል። ብርሃኑን ራሱ የሚለካው ዓይነት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ተቀምጦ ለሚነሣ ሰው ግን አያስፈልግም። ሻጩ «ጋይድ ነምበሩ 60 ነው» ቢላችሁ አትደነቁ፤ ያ ቁጥር ብርሃኑ በጠባቡ ተሰብስቦ የተለካ ነው፤ በጃንጥላ ውስጥ አይሠራም። አሮጌ ፍላሽ በርካሽ ስታገኙም ተጠንቀቁ፤ አንዳንዶቹ ከ200 ቮልት በላይ ወደ ካሜራው ስለሚልኩ የዛሬውን ካሜራ ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

የተረፈው ገንዘብ ለአንድ ማቆሚያና ለአንድ ነጭ ጃንጥላ ይሁን። ይህንንም ያልቻለ ፍላሹን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሮ ያብራ። (ግድግዳው እንደ መኝታ ክፍላችን ቢጫ ከሆነ ፊቱም ቢጫ እንደሚሆን አስቀድሞ ይወቅ።)

ፊዚክስ የተማራችሁ እንደምታውቁት፥ ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ጃንጥላው ከሰውዬው 1 ሜትር፥ ግድግዳው ከጃንጥላው 3 ሜትር ቢርቅ፥ ለግድግዳው የሚደርሰው አንድ ዘጠነኛ ብቻ ነው፤ ነጩ ግድግዳ ይጠቁራል፥ ፊት ጎልቶ ይወጣል። ለእኛ ለጠይሞቹ ደግሞ ሰፊ ብርሃን ሌላ ጥቅም አለው፤ በቆዳችን ላይ ነጥብ ሆኖ ከማብረቅረቅ ይልቅ በጉንጭና በግንባር ላይ በዝግታ ተዘርግቶ የፊትን ቅርጽ ያሳያል። ነጠላ የለበሰ ሰው ስታነሡ ጃንጥላውን በጎን በኩል ከፍ አድርጋችሁ ወደ ፊቱ አዘንብሉት፤ ነጠላው ከጫፉ ብርሃን ብቻ ይድረሰው። እርሱ ራሱ ከአገጭ በታች ያለውን ጥላ መልሶ ያበራላችኋል። ጥቁር የምረቃ ጋዋን ግን ብርሃኑን ስለሚውጥ፥ በጭኑ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርጉለት።

የመዝጊያውን ፍጥነት በአብዛኞቹ ካሜራዎች ከ1/200 ሰከንድ አታሳልፉ፤ አለዚያ የሥዕሉ አንድ ወገን ጨልሞ ይቀራል።

ፍላሹንና ጃንጥላውን ይዤ መጥቻለሁ፤ ነጠላም ከእኅቴ ተውሻለሁ። ከመምህራን አንዱ ፈቅደው በዚህ ወንበር ላይ ቢቀመጡልን፥ መጀመሪያ አያቴን ባነሣሁበት ዓይነት፥ ቀጥሎም በጃንጥላው አነሣቸዋለሁ።