የዩኤስቢ ሞደም በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ፤ ከመካነ ሰላም የተገኘ ልምድ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እኅቶች ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ኃይል ማስተላለፊያ መሥመር ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል። እኔ የማቀርበው ግን ከአውራ ጣት ብዙም ስለማትበልጥ አንዲት ዕቃ ነው። ይህችም በተለምዶ ዶንግል የምንላት፣ በውስጧ ሲም ካርድ ይዛ በኮምፒውተር ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ስትሰካ ኢንተርኔት የምታስገኝ ሞደም ናት። ጉዳዩ ለጉባኤ የማይበቃ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዳሩ ግን በዚህች ዕቃ ምክንያት የአንድ ወረዳ የመድኃኒት ጥያቄ ሲጓተት ስለ ተመለከትሁ፣ ከጥፋቱም ዋናው ድርሻ የእኔ ስለ ሆነ፣ ነገሩን እንደ ተፈጸመ ልተርክላችሁ ወደድሁ።

በ2009 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም ሳልቆይ በሥራ ምክንያት ወደ መካነ ሰላም ሄድሁ። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ የሚነሣ መንገደኛ የለጋምቦን ብርዳማ ደጋ አቋርጦ ይደርስባታል፤ ከእርሷም ባሻገር አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። እንዲህ ያለው መልክዓ ምድር ለሬድዮ ሞገድ ሁለት ጠባይ አለው። ከአምባው ራስ ላይ የቆመ ሰው እጅግ ሩቅ ካለ ማማ ጋር ይገናኛል፤ ከተረተሩ ሥር የተቀመጠው ግን ማማው በቅርቡ እያለ ምንም ሳያገኝ ይቀራል።

በከተማዋ ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ሁለት ያረጁ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ከየቀበሌው የሚሰበሰበው የመድኃኒት ፍጆታ ዝርዝር በእነርሱ ላይ ተጽፎ በየወሩ ወደ ደሴ ይላካል። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚተላለፈው ቫይረስ ሁለቱንም ሥራ አስፈትቷቸው ስላገኘሁ፣ በአንደኛው ላይ ሊኑክስን ጫንሁ። ሊኑክስ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እኔ የጫንሁት ዴቢያን የሚባለውን ዓይነት፣ ለአሮጌ መኪና እንዲቀል ብዬ ብዙ ነገር የቀነስሁለትን ነበር። ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ተነሣ። በዚህም ተደስቼ ዶንግሉን ብሰካው መብራቱ ብልጭ አለ፤ ኢንተርኔት ግን አልመጣም። በእርሱ ፈንታ በሰሌዳው ላይ አንድ የሲዲ ምልክት ብቅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነዚህ ሞደሞች ሠሪዎች ገዢው የመጫኛ ሲዲ ፍለጋ እንዳይቸገር ሲሉ ፕሮግራሙን በሞደሙ ሆድ ውስጥ አስቀመጡት። ሞደሙም መጀመሪያ ሲሰካ “እኔ ሲዲ ማጫወቻ ነኝ” ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ሲዲውን ከፍቶ ፕሮግራሙን ይጭናል፤ የተጫነውም ፕሮግራም “አሁን ሞደም ሁን” የሚል ምሥጢራዊ መልእክት ይልክለታል። በሊኑክስ ላይ ግን ያ ፕሮግራም አይሠራምና መልእክቱን የሚልክ የለም። ኮምፒውተሩ ሲዲ ነኝ ያለውን ሲዲ ብሎ ተቀበለው እንጂ አልተሳሳተም። እኔ ግን ሞደሙን ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ጊዜ ሲሙን አወጣሁ፣ አንድ ጊዜም ሌላ ሞደም አስመጣሁ።

ይህን ማስመሰል የሚፈታ ፕሮግራም አለ። ጆስዋ ዲትሴ የተባለው ሰው የሠራው ዩኤስቢ ሞድስዊች ይባላል። የልዩ ልዩ ሞደሞችን መለያ ቁጥርና ለእያንዳንዱ የሚላከውን መልእክት በመዝገብ ይዟል። መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱ 31 ባይት ብቻ ነው። የሁዋዌ ሥሪት የሆነው ኢ1550 ሲሰካ መለያው 12ዲ1፡1446 ነው፤ መልእክቱ ሲደርሰው ራሱን ከዩኤስቢው ነቅሎ እንደ ገና ይሰካል፣ መለያውም 12ዲ1፡1001 ይሆናል። ያን ጊዜ ኦፕሽን የሚባለው የሊኑክስ ድራይቨር ይረከበዋል። ድራይቨሩ ስሙን ያገኘው መጀመሪያ ከተሠራለት የቤልጂግ ኩባንያ ነው፤ ስሙ “ምርጫ” ማለት ስለሚመስል እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ።

በዴቢያን ላይ ብዙ ነገር ቀንሻለሁ ብያችኋለሁ። ከተቀነሱት አንዱ ይኸው ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራሙን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ፕሮግራሙ ያስፈልጋል። በዋና ከተማ የተማረ መሐንዲስ ይህን አዙሪት በመጽሐፍ አያገኘውም፤ በከተማው ሁልጊዜ ሌላ መሥመር አለና። እኔም ደሴ ወርጄ ፕሮግራሙን በፍላሽ ገልብጬ ተመለስሁ። ያመጣሁት ለ64 ቢት ኮምፒውተር የተዘጋጀውን ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ግን 32 ቢት ነበር። እንደ ገና ወረድሁ። በሁለተኛው ጊዜ ፕሮግራሙን በትክክል አምጥቼ የሞደሞቹን መዝገብ የያዘውን ሌላውን ጥቅል ረስቼዋለሁ። ይህንኛውን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ አስላክሁት። ከነጓዙ መሟላቱን ሳያረጋግጡ ፍላሽን መንቀል እንደማይገባ የተማርሁት በአውቶቡስ ወንበር ላይ ነው።

ይባስ ብሎ፣ አስመጥቼ የነበረው ሌላው ዶንግል የዜድ.ቲ.ኢ. ሥሪት ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወደ ሞደምነት ለመለወጥ የሚጠብቁት ሲዲው “እንዲወጣ” ማዘዝን ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ ያለውን የሲዲ ምልክት ተጭኖ ማስወጣት ይበቃል። ይህን ባውቅ ኖሮ ደሴ መውረድ አያስፈልገኝም ነበር።

ሞደሙ ሞደም ከሆነ በኋላ የሚቀረው በንጽጽር ቀላል ነው። በኔትወርክ ማኔጀር ውስጥ አዲስ የሞባይል ግንኙነት ተከፍቶ የአገልግሎት ሰጪው መግቢያ ስም፣ ኤ.ፒ.ኤን. የሚባለው፣ ይጻፋል፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ኢ.ቲ.ሲ. ነጥብ ኮም ነው። ይህ ስም ድርጅቱ በ2003 ዓ.ም. የአሁኑን ስሙን ከመያዙ በፊት የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ይባል የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል። የሚደወለው ቁጥር *99# ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር በተራ የስልክ መሥመር እየተደወለ ነበር፤ ይህችም ትንሽ ዕቃ ሽቦ ባይኖራትም አሁንም “ትደውላለች”። ትእዛዝ የምትቀበልበትም ቋንቋ ሄይዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ለስልክ ሞደም ያወጣው፣ እያንዳንዱ መስመር ኤ.ቲ. በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ቋንቋ ነው። ትርጉሙም “አዳምጥ” እንደ ማለት ነው።

ይህን ቋንቋ ማወቅ ለደጋው አገር እጅግ ይጠቅማል። ኤ.ቲ.+ሲ.ኤስ.ኪው. ተብሎ ሲጠየቅ ሞደሙ የሚሰማውን ሞገድ ኃይል ከ0 እስከ 31 ባለው ቁጥር ይመልሳል፤ 99 ካለ አላወቅሁም ማለቱ ነው። ቁጥሩን በ2 አባዝቶ ከውጤቱ 113 ሲቀነስ ኃይሉ በዲቢኤም ይገኛል። በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁት 6 ነበር፣ ይኸውም 101 ከዜሮ በታች። ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮቱም የብረት ፍርግርግ ነበረው። ዶንግሉን በመቀጠያ ገመድ ወደ መስኮቱ ሳወጣው 15 ደረሰ። ረዘም ያለ ገመድ ብጠቀም ደግሞ ሞደሙ በየጊዜው እየጠፋ ይነሣ ጀመር። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ ሞደሙ ሩቅ ማማ ሲጣራ ብዙ ኃይል ስለሚስብ፣ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ቮልቴጁ ይወርድና ሞደሙ ይጠፋል። ሞገድ ፍለጋ ስንወጣ ኤሌክትሪኩን እናጣለን፤ ስለዚህ አጭርና ወፍራም ገመድ መርጬ በመስኮቱ ደፍ ላይ አሰርሁት። እንዲህ ባለው ጥያቄና መልስ ጊዜ ሞደም ማኔጀር የሚባለው ፕሮግራም መሥመሩን ስለሚይዝ ለጊዜው መቆም እንዳለበት ለሚሞክሩት ወጣቶች አስታውሳለሁ።

እስካሁን ያልኋችሁ ሁሉ ሥራዬ ተሳክቶ የተደሰትሁበት ነው። ጥፋቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የሲዲው ማስመሰል ስለ ሰለቸኝ፣ ኢ1550ው ሲዲነቱን ለዘለቄታው እንዲተው አደረግሁት። በቀድሞዎቹ የሁዋዌ ሞደሞች ላይ ኤ.ቲ.^ዩ2ዲያግ=0 የሚል ትእዛዝ ሲሰጥ ሞደሙ ከዚያ በኋላ ሲሰካ ሞደም ብቻ ሆኖ ይነሣል። ትእዛዙ የሚቀመጠው በኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን በሞደሙ ውስጥ ስለ ሆነ የትም ቢወሰድ አይለወጥም። ሥራው አማረልኝና ሰኔ ላይ ተሰናብቼ ሄድሁ። ለማንም አልነገርሁም፤ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

እኔ ከሄድሁ በኋላ የሊኑክሱ ኮምፒውተር በመብራት መዋዠቅ ምክንያት ተቃጠለ። ሠራተኞቹ ሌላውን ኮምፒውተር ዊንዶውስ አስጭነው ዶንግሉን ሰኩበት። እነርሱ የሚያውቁት ሥርዓት “ሲዲው ይከፈታል፣ ጫን የሚለውን ተጫን” የሚል ነው። ሲዲው አልተከፈተም። በከተማዋ የሚገኝ ባለሙያም አይቶ ተቃጥሏል አላቸው፤ ያየውን ነው የተናገረው፣ አልፈርድበትም። ዶንግሉ መሳቢያ ውስጥ ገባ። የመድኃኒቱ ዝርዝር ለሦስት ወራት በፍላሽ ተጭኖ በአውቶቡስ ሄደ። በመስከረም በዝናብ ምክንያት መንገድ ሲበላሽ ዝርዝሩ ዘግይቶ ደረሰና የተላከው መድኃኒት በቀድሞው ወር ቁጥር ተሰላ። በዓባይ ተዳፋት ባሉት ቆላ ቀበሌዎች ወባ የሚበረታው ደግሞ በዚያው ወቅት ነው። ለስንት ሰው እንዳነሰ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ እንዳነሰ ግን ነግረውኛል።

በኅዳር 2010 ዓ.ም. ስመለስ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ ወይዘሮ፣ ዶንግሉን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። ላፕቶፔ ላይ ሰክቼው ወዲያው ሠራ። ሴትዮዋ ቆመው ካዩ በኋላ “ልጄ፣ አንተ ስትሄድ ይህ ነገር ከማን ጋር ይቀራል?” አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ትእዛዙን ወደ 255 መልሼ የሲዲውን ባሕርይ አስመለስሁለት። ለእነርሱ የሚሻለው ሠሪው እንዳደረገው መሆኑ ነበር፤ ለእኔ የተመቸኝ ለቤቱ አልተመቸም። ከዚያም በአንድ ገጽ ላይ በአማርኛ ጻፍሁ፤ ዶንግሉ ሲሰካ ምን እንደሚታይ፣ ሲዲ ብቻ ቢታይ ምን እንደሚደረግ፣ መብራቱ ሰማያዊ ሲሆንና አረንጓዴ ሲሆን ምን ማለት እንደ ሆነ፣ የመግቢያውን ስም፣ የሚደወለውን ቁጥር። የሚያስፈልጉትንም ጥቅሎች በአንድ ፍላሽ ላይ ሞልቼ፣ የ32 ቢቱንም የ64 ቢቱንም፣ ከገጹ ጋር አያያዝሁት። ገጹን ሦስት ጊዜ ለመጻፍ ተገደድሁ። በመጀመሪያው ላይ ወይዘሮዋ ግማሹ አልገባኝም አሉ፤ በሁለተኛው ላይ አምስተኛውን መስመር ከአራተኛው ማስቀደም እንዳለብኝ አሳዩኝ፤ ትክክል ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። አዳዲሶቹ ዶንግሎች አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኔትወርክ ካርድ ሆነው ስለሚነሡ፣ በ192.168.8.1 አድራሻ ገጻቸው ተከፍቶ ሁሉ ነገር ከዚያ ይታዘዛል። ብዙ ሰውም ኢንተርኔትን ከእጅ ስልኩ ያካፍላል፤ ሊኑክስም ስልኩን በዩኤስቢ ሲሰኩለት ያለ ብዙ ጣጣ ይቀበለዋል። በከተማዋ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስላለ ዛሬ ሊኑክስን የሚያውቅ ወጣት አይጠፋም። የተለወጠው ሁሉ ግን ወደ በጎ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ ሞደሙ ሞደም ሆኖ፣ ማማውንም አግኝቶ፣ ገጽ ግን አይከፍትም ነበር። ሞደሙ ከማማው ጋር መመዝገቡና ዳታ ማለፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደኅናውን ዕቃ ሲፈታና ሲያበላሽ ይውላል።

ስለዚህ ነገር በኋላ ወደዚያ ቤት ስልክ ደውዬ ነበር። ገጹ አሁንም በግድግዳው ላይ ተለጥፎ እንዳለ ነገሩኝ። ወይዘሮዋ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ከግርጌው በእጃቸው የጨመሩትንም መስመር አነበቡልኝ፦ “መብራቱ ሰማያዊ ሆኖ ገጽ ካልመጣ ችግሩ ከዚህ ቤት አይደለም፤ አትንቀሉት።”