ሥልጠናው ከመግቢያው በር ይጀምራል

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአባላት አንዷ ያቀረበችው ንግግር)



ዛሬ ከምንወስንባቸው ጉዳዮች አንዱ የመጪው ዓመት የሥልጠና ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። እንጀራ ጋግረን፣ ጉሊት ተቀምጠን፣ የሰው ልብስ አጥበን በየሳምንቱ ካስቀመጥነው ላይ የተገኘ ነው። ለማን ይሁን ስንባባል ሁልጊዜ ቀድመው የሚነሱት ሥራ ያጡ ልጆቻችን ናቸው፤ ተገቢም ነው። እኔ የቆምኩት ግን ከእነዚሁ ልጆች መካከል ስማቸው ዝርዝራችን ላይ ስለማይገባው ልናገር ነው። በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ስለሚሄዱት፣ መስማትና ማየት ስለተሳናቸው፣ አንድን ነገር ለመረዳት ከሌላው ሰው የበለጠ ጊዜ ስለሚያስፈልጋቸው ልጆቻችን ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለእነሱ ለብቻቸው ሥልጠና ይከፈት አልልም። አሁን የምናካሂደው ሥልጠና ራሱ እነሱም ሊገቡበት በሚችሉበት መንገድ ይዘጋጅ ነው የምለው።

ሥራው ደጃችን ደርሷል

ቂሊንጦ የጤፍና የስንዴ ማሳ እንደነበረች የምታስታውሱ እናቶች እዚህ አላችሁ። ዛሬ የሄኒከን ቢራ ፋብሪካ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ይሠራል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን ነው። ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ የተዘጋጀው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክም እንዲሁ። በዙሪያችን እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ድረስ ኮንዶሚኒየም ተደርድሯል። ይህ ሁሉ የሚፈልገው መሐንዲስና ኬሚስት ብቻ አይደለም። ማሸግ አለ፤ መቁጠርና ምልክት መለጠፍ አለ፤ የሥራ ልብስ መስፋት፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ ዕቃ መመዝገብ፣ ስልክ መመለስ አለ።

ሥራው ደጅ ቢመጣም ከቤት ወጥቶ የሚደርስበት ሰው ግን መንገድ ይፈልጋል። ብዙዎቻችን የምንኖርበት ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም አሳንሰር የለውም። ዕጣ አራተኛ ፎቅ ላይ የጣላት እናት፣ መራመድ የማይችል ልጇን ለሐኪም ቀጠሮ እንኳ በጀርባዋ አዝላ ነው የምታወርደው። ልጁ 20 ዓመት ሲሞላው ማን ያዝለዋል? እዚያ ላይ ነው ብዙዎቹ ከሰው ዓይን የሚጠፉት።

ስንት እንደሆኑ ለማወቅ

በ1999ኙ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በአገራችን አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ግን ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ ከአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገምተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንዲህ የሰፋበት አንዱ ምክንያት አጠያየቁ ነው። በር አንኳኩቶ «እዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ለሚል እንግዳ ሰው እናት ምን ብላ ትመልሳለች? «የለም» ትላለች። ወይም ልጇ ትንሽ ጆሮው ይከብደዋል እንጂ አካል ጉዳተኛ ነው ብላ አታስብም።

ስለዚህ ባለሙያዎች ሌላ ዓይነት አጠያየቅ አዘጋጅተዋል። ስድስት ጥያቄዎች ናቸው፤ አካል ጉዳት የሚል ቃል የለባቸውም። መነጽር ቢያደርግም ለማየት ይቸገራል? የመስሚያ መሣሪያ ቢጠቀምም ለመስማት ይቸገራል? ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት? ለማስታወስ ወይም ሐሳብ ለመሰብሰብ? ራሱን ለመንከባከብ፣ እንደ መታጠብና መልበስ ያለውን? በሚናገርበት ቋንቋ ከሰው ጋር ለመግባባት? መልሱም «አይቸገርም፣ ትንሽ ይቸገራል፣ በጣም ይቸገራል፣ ጨርሶ አይችልም» ነው። እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች በአባልነት መዝገባችን ላይ ብንጨምር የሚያስወጣን አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። እዚህ ያለነው ልናውቃቸው የሚገቡ አምስት ነገሮች አሉበት። አንደኛ፣ የሥራው ጠባይ ካላስገደደ በቀር፣ ችሎታው ያለውን ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከቅጥርም ሆነ ከሥልጠና መከልከል አይቻልም። ሁለተኛ፣ ውጤቱ ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ ለአካል ጉዳተኛው ይሰጣል። ሦስተኛ፣ አሠሪው የሥራና የሥልጠና ሁኔታዎችን የማመቻቸት፣ ሲያስፈልግም ረዳት የመመደብ ኃላፊነት አለበት። አራተኛ፣ አካል ጉዳተኛ ሴቶች በጾታቸውም በጉዳታቸውም ድርብ ጫና እንዳለባቸው ታይቶ ተጨማሪ ድጋፍ እንዲደረግላቸውና በሥራ ቦታ ከጾታዊ ጥቃት እንዲጠበቁ ያዛል። አምስተኛ፣ አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ የሚከስ ሰው የማስረዳት ሸክም አይጣልበትም፤ አላዳላሁም ብሎ የሚያስረዳው አሠሪው ነው።

በዚህ ላይ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጓል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

ሕጉ ጥሩ ነው። ግን «ችሎታው ያለው ሰው» ይላል። ልጃችን ሥልጠና ካላገኘ፣ የብቃት ምዘናውን አልፎ ሲኦሲ በእጁ ካልያዘ፣ የሕጉ በር ለእሱ አይከፈትም። ለዚህ ነው ነገሩ ሁሉ ወደ ሥልጠና የሚመለሰው።

መንገዱ የሚቆረጥባቸው ቦታዎች

እኔ የልብስ ስፌት አሠልጣኝ ነኝ። በሙያዬ ያየሁትን በቅደም ተከተል ልናገር።

የመጀመሪያው ማስታወቂያው ነው። በድምፅ ማጉያ ብቻ ከተነገረ መስማት የተሳናት ልጅ አትደርስበትም፤ ግድግዳ ላይ ብቻ ከተለጠፈ ማየት የተሳነው አያነበውም። በሁለቱም መንገድ ይነገር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «አካል ጉዳተኞች ይመዝገቡ» የሚል አንድ መስመር ይኑረው። ያ መስመር ከሌለ ቤተሰብ ለእኛ አይደለም ብሎ ያልፈዋል።

ሁለተኛው ሕንፃው ነው። ሥልጠና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ በክራንች የምትሄድ ልጅ በሳምንቱ ትቀራለች፤ እኛም «ሰነፈች» እንላለን። መሬት ቤት ያለ ክፍል መምረጥ ምንም ወጪ የለውም። መግቢያው ላይ አንድ ደረጃ ካለ መወጣጫ ይሠራለታል። የታወቀው ልክ ለአንድ ክንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ክንድ ርዝመት ነው፤ 15 ሴንቲሜትር ከፍታ ላለው ደረጃ 1 ሜትር ከ80 መሆኑ ነው። ከዚያ ካጠረ ዳገት ይሆንና ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። በሩ ቢያንስ 80፣ ቢቻል 90 ሴንቲሜትር ይስፋ። መጸዳጃ ቤቱም አብሮ ይታሰብ፤ መጸዳጃ የሌላት ልጅ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለችና።

ሦስተኛው አስተማሪው ነው። ብዙዎቻችን ፊታችንን ወደ ማሽኑ አዙረን እየሠራን እንናገራለን። ከንፈር የምታነብ ልጅ ያን ጊዜ ሁሉ ምንም አልደረሳትም። መጀመሪያ ሠርቶ ማሳየት፣ ከዚያ እጅን አሳርፎ ፊት ለፊት እያዩ መናገር፣ ዋና ዋናውን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ማሽኑ ክር ሲያወሳስብ እኛ በድምፁ እናውቃለን፤ የማትሰማዋ ልጅ በጨርቁና በጠረጴዛው ንዝረት ታውቀዋለች፤ እጇን አስቀምጠን ማሳየት ብቻ ነው። አንድ እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ፔዳሉ ወደ ጠንካራው እግሩ ይዞርለታል። ነገር ለመረዳት ጊዜ የሚወስድበት ልጅ ደግሞ ሥራው በትንንሹ ይከፋፈልለታል፤ ዛሬ ጨርቅ መደርደር፣ ሲለምደው ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ቀጥ ያለ ስፌት፤ እያንዳንዱም በሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እመኑኝ፣ ሥዕሉ ሌሎቹንም ሠልጣኞች ይጠቅማል።

የምልክት ቋንቋ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል፤ ከዚያ የወጡ ባለሙያዎች አሉ። በየቀኑ መክፈል ባንችል እንኳ ለመክፈቻው ሳምንት፣ ለደኅንነት ትምህርቱና ለምዘናው ቀን እንክፈል። ማየት ለተሳናቸው ደግሞ የኮምፒውተርና የስልክ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኤንቪዲኤ የሚባለው በነጻ ይገኛል።

አራተኛው ምዘናው ነው። ተጨማሪ ጊዜ፣ አስተርጓሚ ወይም በትልቁ የታተመ ጥያቄ የሚያስፈልጋት ሠልጣኝ ጥያቄዋን የምታቀርበው በፈተናው ጠዋት ከሆነ ዘግይቷል። ጥያቄው በምዝገባ ቀን በጽሑፍ ይግባ፤ ቅጂው በእጃችን ይቅር።

ከሥራው እንነሳ

እህቶቼ፣ ብዙ ሥልጠና የሚከሽፈው ከተጀመረበት አቅጣጫ ነው። ልጆቹን ሰብስበን አንድ የእጅ ሥራ እናስተምርና ከዚያ ገዢ ፍለጋ እንወጣለን። ገዢው ከርኅራኄ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ሁለተኛ አይመለስም። ተኪ የተባለውን የወረቀት ከረጢት አምራች ተመልከቱ። ከረጢቶቹን የሚሠሩት መስማት የተሳናቸው ሴቶች ናቸው። ሱቆች ግን የሚገዙት በፕላስቲክ ፋንታ የሚይዙት ከረጢት ስለሚፈልጉ ነው። ሥራው የቆመው ሰው በሚፈልገው ዕቃ ላይ ነው።

ስለዚህ ሥልጠናውን ከመክፈታችን በፊት ወደ አሠሪዎቹ እንሂድ። «አካል ጉዳተኛ ትቀጥራላችሁ?» ብለን አንጠይቅ፤ መልሱ «እናስብበታለን» ነው። «በቀን ውስጥ ምን ምን ይሠራል? የትኛው ተቀምጦ ይሠራል? የትኛው መስማት አይፈልግም? ሰው የሚያጥርባችሁ የቱ ላይ ነው?» እንበል። የምናሠለጥነው በዚያ መልስ ላይ ተመርኩዘን ይሁን። ልጁ ሲቀጠርም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከእኛ አንዷ ወደ አለቃውም ወደ ልጁም ትደውል። ትንሹ ችግር ያኔ ካልተፈታ ልጁ ከሥራ የሚቀርበት ምክንያት ይሆናል።

የየትነበርሽ ንጉሤን ስም ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በልጅነቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣች፣ የሕግ ባለሙያ የሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች እህታችን ናት። እንኮራባታለን። ግን የእኛ ልጅ የሰው ዓይነት ሆኖ ለመቆጠር ሽልማት ማግኘት አይጠበቅበትም። ጠዋት ወጥቶ፣ ሠርቶ፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ይዞ ከገባ ይበቃል።

ስለ እናቶች ስጋት

«ልጄ ቤት ብትሆን ይሻላል፤ መንገድ ላይ ማን ምን እንደሚያደርጋት አላውቅም» የምትሉ አላችሁ። ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። መጮህ የማትችል ወይም የሆነባትን መናገር የሚከብዳት ልጅ ለጥቃት ይበልጥ ትጋለጣለች። ግን ቤት መቆለፍም ከጥቃት አያድንም፤ የሚያያት ሰው ያሳጣታል እንጂ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ አሠሪው ማንን ማነጋገር እንዳለባት በስም ይንገራት፤ እኛም መንገዱን አስቀድመን አብረናት እንሂድ።

የምንዘነጋው ሌላ ነገር አለ። አካል ጉዳተኛ ልጅ ቤት ሲውል ብቻውን አይውልም። እናቱ ወይም ታላቅ እህቱ አብራው ትውላለች። የእሷም ገቢ፣ የእሷም ትምህርት፣ በዚህ ማኅበር ያላት ቁጠባም አብሮ ይቆማል። ልጁ ሥራ ሲገባ ሁለት ሰው ከቤት ይወጣል።

እንድንወስንባቸው የምጠይቃቸው

አንደኛ፣ ስድስቱ ጥያቄዎች በአባልነት መዝገባችን ላይ ይጨመሩ። ሁለተኛ፣ ከሚቀጥለው ሥልጠና ከአምስት ቦታ አንዱ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ይያዝ፤ ክፍሉም መሬት ቤት ይሁን። ሦስተኛ፣ ከሥልጠናው እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ላለው ጊዜ የትራንስፖርት ገንዘብ ከብድር ሣጥናችን ይሰጥ፤ ብድር ነው፤ እንደማንኛችንም ይመለሳል። አራተኛ፣ ሦስት ሴቶች ይመረጡና የአዋጁን ቅጂ ይዘው በአካባቢያችን ያሉ አሠሪዎችን ያነጋግሩ፤ ከኢትዮጵያ አካል ጉዳተኛ ሴቶች ብሔራዊ ማኅበርም ምክር ይጠይቁ።

«እኛው ራሳችን ድሆች ነን» የምትል እህት ትኖራለች። ልክ ናት። ግን ከጠየቅኋችሁ አብዛኛው ክፍል መምረጥ፣ ወረቀት መጻፍና በር ማንኳኳት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። አንዲት እናት በአራት ፎቅ ደረጃ ላይ ብቻዋን የተሸከመችውን ስትከፋፈሉት እያንዳንዳችሁ የሚደርሳችሁ ትንሽ ነው።

ጸሐፊያችን የስም መመዝገቢያውን ይዛ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያለውን ልጅ ስም አስመዝግቡ። ስንት እንደሆኑ አውቀን እንወስን።