ፎርሙ ብድር አይደለም
(በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለሚኖሩ ወላጆችና የሃይስኩል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች! የእረፍት ቀናችሁን ለልጆቻችሁ ጉዳይ ስለሰጣችሁ አላህ ይቀበላችሁ። ጊዜያችሁን ላለመሻማት በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ልጆች አስራ ሁለተኛ ክፍል ሲገቡ ከወላጆች ደጋግሜ የምሰማው ቃል አለ፤ «እኛ ወለድ አንነካም፣ ስለዚህ ያንን ፎርም አንሞላም» ይላሉ። ኒያቸው የሚያስመሰግን ነው። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። ፋፍሳ የሚባለው ፎርም የብድር ውል አይደለም። የቤተሰቡን አቅም ለፌዴራል መንግሥት፣ ለስቴቱና ለኮሌጁ የሚያሳውቅ በነፃ የሚሞላ ማመልከቻ ነው።

በዚህ ፎርም መሠረት ኮሌጁ የእርዳታ ደብዳቤ ይልካል። በደብዳቤው ላይ የማይመለስ እርዳታ፣ ተማሪው እየሠራ የሚከፈለው ገንዘብና ብድር ተለያይተው ይቀመጣሉ። እርዳታውን ተቀብሎ ብድሩን አልፈልግም ማለት ይቻላል። የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ ፔል ግራንት ይባላል፤ ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነው። ፎርሙን ያልሞላ ቤተሰብ ይህንን ያጣል። ከዚያም ክፍያው ሲመጣ ልጁ ወይ ትምህርቱን ያቆማል፣ ወይ ከግል ባንክ በወለድ ይበደራል። ከወለድ ሸሽተን ወደባሰ ወለድ መግባት ማለት ይኼ ነው።

የብድሩን ሸሪዓዊ ፍርድ ዑለማዎቻችሁን ጠይቁ፤ እኔ ፈትዋ አልሰጥም። ለጥያቄያችሁ እንዲረዳ ግን ይህን እወቁ። «ሰብሲዳይዝድ» የሚባለው የፌዴራል ብድር ልጁ በትምህርት ላይ እያለ ወለዱን መንግሥት ይከፍላል፤ ብድሩን መክፈል ሲጀምር ግን ወለዱ በተበዳሪው ላይ ነው። «አንሰብሲዳይዝድ» የሚባለው ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይወልዳል። ከወለድ ነፃ ብድር የሚሰጠውን ኤ ኮንቲኒዩስ ቻሪቲንና ለሙስሊም ተማሪዎች ስኮላርሺፕ የሚሰጠውን ኢስላሚክ ስኮላርሺፕ ፈንድንም ተመልከቱ።

አሁን ወደ አጀማመሩ ልለፍ።

አንደኛ፣ ፋፍሳ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ተማሪውም ወላጁም የየራሳቸውን አካውንት ይከፍታሉ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም መክፈት ይችላል። እኛን የሚያሰናክለን ስም ነው። የእናት፣ የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም አይገጥምም፤ «መሐመድ» እንኳ በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ይጻፋል! ስሙን በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል ሳትቀይሩ ጻፉ።

ሁለተኛ፣ ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም። በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘ ልጅም ያመለክታል።

ሦስተኛ፣ የሚታየው የሁለት ዓመት በፊት ታክስ ነው፤ ለ2026–27 የ2024ቱ ማለት ነው። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞች ታክሳችሁን በጊዜውና በትክክል አሠሩ። የምትኖሩበት ቤትና የጡረታ ቁጠባችሁ እንደ ሀብት አይቆጠሩም። ፎርሙ ስለ ሌላ ንብረት ከጠየቃችሁ ግን አዲስ አበባ ያለውም ቤት ይጻፋል፤ አማና ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ያጣ ወይም የታመመ ካለ ለኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ ማስረጃ አያይዛችሁ እንደገና እንዲያዩላችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ቀን አታሳልፉ። አንዳንዱ ገንዘብ ቀድሞ ለመጣ ነው። በሜሪላንድ ለስቴቱ እርዳታ የተለመደው የመጨረሻ ቀን ማርች 1 ነው። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ ፎርም ይጨምራሉ፤ ገቢው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ቤተሰብ በነፃ ነው።

ልጆች፣ ይህ ደግሞ ለእናንተ ነው። ኮመን አፕ ኦገስት 1 ይከፈታል፤ በእሱ ከ1,000 በላይ ኮሌጆች ይገኛሉ። ዋናው ጽሑፍ ከ650 ቃላት አይበልጥም። ትምህርት ቤት ነፃ ምሳ የምታገኙ ከሆነ የማመልከቻ ክፍያው ሊነሳላችሁ ስለሚችል ካውንስለራችሁን ጠይቁ። «ኧርሊ ዲሲዥን» ከተቀበሏችሁ ለመግባት የሚያስገድድ ቃል ነው፤ የኮሌጆችን እርዳታ አወዳድሮ መምረጥ ያሳጣችኋል፤ ወላጆቻችሁን ሳታማክሩ አትፈርሙ።

ወላጆች፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅን አትናቁ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የታወቀ መንገድ ነው። ሙሉ ፔል ግራንት ያገኘ ልጅ የትምህርት ክፍያው በዚያው ሊሸፈንለት ይችላል። ያለ ብድር መማር ለሚፈልግ ቤተሰብ ከዚህ የቀረበ በር የለም።

ፎርም እሞላላችኋለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ አትክፈሉ። የይለፍ ቃላችሁንም ለማንም አትስጡ።

ወገኖቼ፣ መብታችንን በአንድነትና በትዕግሥት መጠየቅ እናውቅበታለን። ይኼም በሕግ የተቀመጠ የልጆቻችን መብት ነው፤ ካልጠየቅን ግን ማንም ቤታችን አያመጣልንም። ስለዚህ ኮሌጅ የገባችሁ ወጣቶች እያንዳንዳችሁ ሁለት ቤተሰብ ያዙ። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸውን እናቶች አስቀድሙ። ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ አካውንታችሁን ክፈቱ፤ የቀረውን በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እንጨርሳለን፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፤ ሪዝቃችንንም ሐላል ያድርግልን። አሚን!

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።