ከጉባኤው በፊት የነበረው ሥራ፦ የአቶ ከተማ ይፍሩ ሕይወትና አገልግሎት



በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ተከታትለው ቦሌ ሲያርፉ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ገና አዲስ ነበረ። የልደታ ሜዳ ለጄት የሚበቃ መንደርደሪያ ሊዘረጋበት ባለመቻሉ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠውና አየሩ በሚሳሳበት በዚህ ከፍታ፣ ሰፊ ቦታ የተገኘው በከተማው ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ጄቶችም ሥራ የጀመሩት በዚያው ዓመት ነበር። መንደርደሪያው ለሁሉም ይታይ ነበር፤ መሪዎቹን ወደዚያ ያመጣው ድካም ግን ለብዙዎች የተሰወረ ነው። በዚህ ድካም ትልቅ ድርሻ ከነበራቸው አንዱ አቶ ከተማ ይፍሩ ናቸው።

አቶ ከተማ በ1922 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ ተወለዱ። ልጅነታቸው ከጠላት ወረራ ዘመን ጋር የገጠመ ነበረ። በአሜሪካ አገር በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አገለገሉ፤ ሚኒስቴሩን መምራት ሲጀምሩም ዕድሜያቸው ገና ከሠላሳ ጥቂት ያለፈ ነበር።

በዚያን ጊዜ አፍሪካ በሁለት ጎራ ተከፍላ ነበር። ጋና፣ ጊኒ፣ ማሊ፣ ግብፅና ሞሮኮ የሚገኙበት የካዛብላንካ ጎራ ፈጣን የፖለቲካ አንድነትን ሲሻ፣ ናይጄሪያና ላይቤሪያ የሚገኙበት የሞንሮቪያ ጎራ ደግሞ የየአገሩ ሉዓላዊነት ተጠብቆ ትብብሩ ቀስ በቀስ እንዲያድግ ይፈልግ ነበር። ሁለቱም በ1953 ዓ.ም. የተቋቋሙ ሲሆን፣ የኮንጎና የአልጄሪያ ጉዳይ ልዩነቱን አብሶት ነበር።

በጥር 1954 ዓ.ም. በሌጎስ ጉባኤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በቀር የማንም ወገን አለመሆኗን አስታወቁ። ይሁን እንጂ ቃል ብቻውን ተቃራኒዎችን አያስታርቅም። ስለዚህ ከካዛብላንካ ጎራ መሪዎች አንዱ የሆኑት የጊኒው ፕሬዚዳንት ሴኩ ቱሬ በዚያው ዓመት ወደ አሥመራ ተጋብዘው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተወያዩ። ከዚያ በኋላ አቶ ከተማ በየአገሩ ዋና ከተማ እየዞሩ መሪዎችን አግባቡ። የጥበባቸው ፍሬ ነገር ይህ ነበር፤ አንዱ ወገን ወደ ሌላው ቤት ተሸንፎ እንዲገባ አልጠየቁም፤ ሁለቱም ሳያፍሩ የሚገናኙበትን ሦስተኛ ስፍራ አዘጋጁ እንጂ።

ከግንቦት 7 ቀን ጀምሮ በአፍሪካ አዳራሽ የተሰበሰቡትን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በሊቀ መንበርነት የመሩት እሳቸው ነበሩ። ሚኒስትሮቹ በቻርተሩ ላይ ሙሉ ስምምነት ባይደርሱም፣ የኢትዮጵያ ረቂቅ የመወያያ መሠረት ሆኖ ለመሪዎቹ ቀረበ። ግንቦት 17 ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመ። በሐምሌ 1956 ዓ.ም. ደግሞ፣ ሌሎች ከተሞችም መቀመጫነቱን እየተመኙት ሳለ፣ የካይሮው ጉባኤ አዲስ አበባን የድርጅቱ ቋሚ መቀመጫ አደረጋት።

አቶ ከተማ በ1963 ዓ.ም. ከውጭ ጉዳይ ተነሥተው የንግድ፣ ኢንዱስትሪና ቱሪዝም ሚኒስትር ሆኑ። አብዮቱ ሲፈነዳ ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የቀድሞ አለቃቸው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድን ጨምሮ ስድሳ ያህል ሰዎች ሲገደሉ ከሞት ተርፈው፣ ስምንት ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። የአህጉሩን መንግሥታት ለማስማማት የደከመ አእምሮ፣ ኢትዮጵያ ከጎረቤትዋ ጋር በተዋጋችበትና አስታራቂ እጅግ በተፈለገበት ዘመን፣ በእስር ቤት ግድግዳ ውስጥ ተዘጋበት። ይህ የአንድ ሰው በደል ብቻ አይደለም፤ አገር በገንዘብዋ ያስተማረችውንና በሥራ የፈተነችውን ዕውቀት በገዛ እጅዋ መጣልዋ ነው። ከተፈቱ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ምግብ ፕሮግራም አገልግለው በ1986 ዓ.ም. ዐረፉ።

ድርጅቱ በ1994 ዓ.ም. ለአፍሪካ ኅብረት ቦታውን ለቅቋል፤ መቀመጫው ግን ከአዲስ አበባ አልተነሣም፤ ልዑካኑም ዛሬም በቦሌ በኩል ይገባሉ። ሙያተኛ ሁሉ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ሊይዝ ይገባዋል፤ ይኸውም ከምረቃው ቀን በፊት የተሠራው ሥራ፣ የሠራውም ሰው ስም፣ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ተጽፎ መቀመጥ እንዳለበት ነው።