አልጀብራን እንዴት እንደ ጀመርን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ልንነግራችሁ የመረጥነው አንድ ውድቀታችንን ነው፤ ይኸውም በአልጀብራ ትምህርት የደረሰብን ነው።

ዘጠነኛ ክፍል እንደ ገባን መምህራችን «3 ኤክስ ሲደመር 2 እኩል ይሆናል 14» ብለው በሰሌዳው ላይ ጻፉና ኤክስን ፈልጉ አሉን። ፊደል በቁጥር መካከል ገብቶ ስናይ ግራ ተጋባን። ሆኖም «ገብቷችኋል ወይ?» ብለው ሲጠይቁን ሁላችንም ባንድ ድምፅ «አዎን» አልን። የዚህ «አዎን» ዋጋ በፈተናው ቀን ተገለጠ። አብዛኞቻችን 3 ኤክስንና 2ን ደምረን 5 ኤክስ አደረግነውና ወደቅን። አንዳንዶቻችን ሒሳብ ለሌላ ሰው የተፈጠረ ነው ብለን ተስፋ ቆረጥን፤ አንድ ጓደኛችንም ትምህርቱን ትቶ ወደ አገሩ ለመመለስ ዕቃውን እስከ ማሰር ደረሰ።

ሊወስዱት የመጡት አባቱ የእህል ነጋዴ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ «እስቲ ጥያቄውን ንገሩኝ» አሉን። ከመካከላችን አንዲት ልጅ ኤክስን ከረጢት ብላ፥ «በሚዛን ባንድ ወገን እኩል ክብደት ያላቸው ሦስት ከረጢቶችና የ2 ኪሎ ብረት፥ በሌላው ወገን የ14 ኪሎ ብረት ቢቀመጥና ቢስተካከል፥ አንዱ ከረጢት ስንት ኪሎ ነው?» አለቻቸው። እርሳቸውም ወዲያው፥ «ከሁለቱም ወገን 2 ኪሎ አንሡ፤ 12 ይቀራል፤ ለሦስት ሲካፈል 4 ነው» አሉ። የፈተናችንን መልስ በነገርናቸው ጊዜ ግን ሳቁና፥ «ሦስት ከረጢትና 2 ኪሎ ብረት ደምሬ አምስት ከረጢት ብል ኖሮ ገና ድሮ ከስሬ ነበር» አሉን።

እንደ ዜማ በቃላችን የያዝነው «ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል» የሚለው ደንብ ምክንያቱ ያን ጊዜ ገባን። ሚዛኑ እንዳያጋድል ከግራም ከቀኝም እኩል ይነሣል ማለት ነው። ደግሞም በኤክስ ቦታ 4ን ብናገባ፥ 12 ሲደመር 2፥ 14 ሆነ። ስለዚህ ትክክል መሆናችንን ለማወቅ የመምህሩን ቀይ እርሳስ መጠበቅ አላስፈለገንም።

በማግሥቱ ለመምህራችን እውነቱን ነገርናቸው። እርሳቸውም ሳይቆጡ ታሪኩን አስተማሩን። አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኽዋሪዝሚ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ820 ዓ.ም. ግድም በባግዳድ ከጻፈው መጽሐፍ ነው። «አል ጀብር» በዐረብኛ የጎደለውን ወይም የተሰበረውን ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው፤ በእስፓንያ አገርም ወጌሻ «አልኼብሪስታ» ይባል ነበር። ሊቁ ሁሉን በቃል ይጽፍ ስለ ነበር፥ ያልታወቀውን ቁጥር «ነገር» ይለው ነበር። የእኩልነትን ምልክት የዌልስ ተወላጅ ሮበርት ሬኮርድ በ1557 አወጣ፤ ላልታወቀ ቁጥር ኤክስን መጻፍ ያስለመደውም ፈረንሳዊው ደካርት በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

እንግዲህ እነዚህ ሊቃውንት እንኳ ሥራቸውን የሚጀምሩት «ይህን አላውቀውም» ብለው፥ ለማያውቁትም ስም ሰጥተው ነው። እኛን የጣለን አለማወቃችንን በ«አዎን» መሸሸጋችን ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ወጌሻም የተሰበረውን ካላሳዩት አይጠግንም።

ስለዚህ ታናናሾቻችን ሆይ፥ ያልገባችሁን አልገባኝም ለማለት አትፈሩ። መምህራኖቻችንም «ገብቷችኋል ወይ?» ከማለት ይልቅ «እስቲ ምክንያቱን አስረዱኝ» ብትሉን፥ መሸሸጊያ አናገኝም። ወላጆቻችንም ይህ ትምህርት ከእኛ የራቀ ነው አትበሉ፤ በገበያ በየቀኑ የምትሠሩት ነውና ልጆቻችሁን ጠይቋቸው።

ያ ጓደኛችን ዕቃውን ፈትቶ ትምህርቱን ቀጥሏል። አሁን ከትምህርት በኋላ አብረን እናጠናለን፤ ያልገባው ሰው በመጀመሪያ እንዲናገርም ደንብ አውጥተናል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።