የአይሮፕላን ጥገናና የጠጋኙ ፊርማ



በአይሮፕላን የሚጓዝ ሰው ሁሉ ነፍሱን ለአብራሪው አደራ የሰጠ ይመስለዋል። ነገር ግን አብራሪው ራሱ የሚነሣው፤ መካኒኩ አይሮፕላኑ ለበረራ ብቁ መሆኑን መርምሮ በፈረመበት መዝገብ ተማምኖ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ባለአደራ መካኒኩ ነው። በተለይም የአይሮፕላኑን አካል የሚጠግነው ባለሙያ ሥራው ከዓይናችን የተሰወረ ስለ ሆነ፤ ዛሬ ጥቂት እናስብበት።

አይሮፕላን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በውስጡ የታመቀው አየር አካሉን እንደ ፊኛ ይወጥረዋል፤ ሲወርድ ደግሞ ይላላል። ይህ ብዙ ሺህ ጊዜ ሲመላለስ ብረቱ ይደክማል፤ ቆርቆሮውን ከቆርቆሮ ከሚያያይዘው ከሪቬቱ ቀዳዳ ጫፍም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይነሣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ ባለሙያው ስንጥቁን በእጅ ባትሪና በመስተዋት፤ አንዳንዴም በኤሌክትሪክ መመርመሪያ ፈልጎ ያገኘዋል። የተጎዳውን ቆርጦ ያወጣል፤ በመመሪያው መጽሐፍ በታዘዘው ዓይነትና ውፍረት ሌላ ቆርቆሮ ይደርባል፤ ሪቬቱንም በታዘዘው ቁጥርና ረድፍ ይመታል። ከራሱ አሳብ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው የለም።

ታዲያ ረድፍ ቢጎድል ምን ይሆናል? በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. የጃፓን አየር መንገድ አንድ ቦይንግ 747 በኦሳካ ሲያርፍ ጅራቱ ከመሬት ጋር ተጋጨ። በመንገደኞቹ ክፍል ያለውን አየር የሚያግደው የኋላ ግድግዳ ሲጠገን፤ አንድ ወጥ መሆን የነበረበት ማያያዣ ቆርቆሮ በሁለት ተከፍሎ ገባ። ሁለት ረድፍ ሪቬት ሊሸከመው የሚገባውን ኃይል አንድ ረድፍ ብቻ ተሸከመው። ጥገናው አለቀ ተባለ፤ አይሮፕላኑም ሰባት ዓመት በረረ። በ1985 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ግድግዳው ፈነዳ፤ የወጣው አየር የጅራቱን ክንፍ ገነጠለ፤ መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘይት ፈሶ አለቀ። አብራሪዎቹ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢታገሉም፤ ከ524 ሰዎች 520ዎቹ በተራራ ላይ አለቁ።

ስለዚህ በሙያው ሕግ፤ ለሕይወት የሚያሰጋውን ሥራ፤ የሠራው ሰው ብቻ ሳይሆን ያልሠራ ሌላ መርማሪም አይቶ ይፈርማል፤ የሚያየውም ከመሸፈኑ በፊት ነው።

በጽሕፈት ቤት ለምንውል ሰዎች ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። ለእኛም በየዕለቱ የሚፈረም ወረቀት ይቀርብልናል። ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለውን ሳናይ ብዕር ያነሣን እንደ ሆነ፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ስማችንን በማያውቀው፤ ግን በፊርማችን ተማምኖ በሚሄደው ሰው ላይ ነው።