በአክሱም የዋልንበት ቀን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዛሬው በዓል እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ፣ ባለፈው ክረምት አክሱም ሄደን ያየነውንና የደረሰብንን ልንነግራችሁ መረጥን።

ማለዳ በ12 ሰዓት ተነሥተን ወደ ሐውልቶቹ ሜዳ ሄድን። ስለ እነዚህ ድንጋዮች በክፍል ውስጥ ተምረን ነበር፤ ነገር ግን በአጠገባቸው ቆመን ቀና ስንል፣ ቁጥሩን እንጂ ነገሩን እንዳልተማርን ዐወቅን። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና 500 ቶን ያህል ክብደት ያለው ሲሆን፣ ተሰባብሮ በምድር ላይ ተጋድሟል። በአቅራቢያው ደግሞ 24 ሜትር የሚሆነው ቆሟል። ይህ ሐውልት ወድቆ ሳለ፣ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ወደ ሮማ ወሰዱት፤ ከ68 ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአይሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. በጥንት ስፍራው ተተከለ። ይህን በሰማን ጊዜ ሁላችንም «የሰው ቅርስ እንዴት ይወሰዳል!» ብለን ተቈጣን።

ከዚያም ወደ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጕዘን ጎበድራ ደረስን። ድንጋዩ የተፈለጠው ከዚህ ነው። ጠራቢዎቹ ሽብልቅ ሊያስገቡበት በተርታ የቦረቦሩት ጕድጓድ እስከ ዛሬ በዐለቱ ላይ ይታያል። ጣታችንን እየከተትን ቈጠርነው። እዚያው አጠገብ በዐለት ላይ የተቀረጸች እንስት አንበሳ አለች።

ስንመለስ በታረሰ ማሳ ዳር አንድ ትንሽ እረኛ አገኘን። ከእጁ ላይ አረንጓዴ ዝገት የያዘች ትንሽ የነሐስ ገንዘብ አሳየን። በአንድ ወገኗ መስቀል ነበረባት። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ መስቀል ማስቀረጽ የጀመሩት ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ከተቀበለ ወዲህ መሆኑን ተምረናልና፣ ልባችን መታ። ትግርኛ የሚያውቅ ጓደኛችን ሲጠይቀው፣ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው እንዳገኛትና ሸጦ ደብተር ሊገዛባት እንደሚፈልግ ነገረን። እኛም ሳናመነታ ገንዘብ አዋጥተን ገዛናት፤ ማን ይያዛት በሚለውም መከራከር ጀመርን።

ጥቂት እንደ ተራመድን ግን ከመካከላችን አንዱ «ጧት በሮማ የተቈጣነው እኛ አይደለንምን?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ተረት ለእኛ የተተረተ መሰለን። ወደ ልጁ ተመልሰን ነገሩን አስረዳነው። መጀመሪያ ብሩን ልንነጥቀው የመጣን መስሎት እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። ብሩ ለደብተሩ የእርሱ እንደ ሆነ ስንነግረው ግን ከብቶቹን ለታላቅ ወንድሙ ዐደራ ብሎ ተከተለን፤ ወደ ሙዚየሙም አብረን ሄድን። ገንዘቢቱን ለጠባቂው የሰጠው እርሱ ራሱ ነው። ጠባቂው ያገኘበትን ማሳ ጠይቆ ሲጽፍ፣ ልጁ አንገቱን አስግጎ ይመለከት ነበር።

ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ሆይ! በዚህ ዓመት ከዚህ ቤት ተሰናብተን እንወጣለን። ታላቁን ሐውልት የሚያስመልስ ሥልጣን በእጃችን ላይኖር ይችላል፤ በኪሳችን የምትገባዋን ትንሽ ነገር መመለስ ግን የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው። ይህንም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአክሱም ማሳ ተምረን መጣን።